ሽንት ሲያቃጥላችሁ ከኪኒኑ በፊት ሽንቱን ስጡ

የሽንት ዕቃ በምቀበልባት ትንሽ መስኮት በኩል በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ አለ። «እህቴ፣ ሁለት ፍሬ ውጬበታለሁ፤ ችግር አለው እንዴ?»

አለው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በቅርቡ ከሳቢያን ሰፈር የመጣች ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በሶፍት የጠቀለለቻቸውን አራት የሲፕሮ (ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ ነው) ፍሬዎች ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። ወንድሟ ለተቅማጥ ገዝቶ የተረፉት ናቸው። ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱን ማታ ውጣለች። ሽንቷን በማይክሮስኮፕ ሳየው በነጭ የደም ሴል ተሞልቷል። ሰውነቷ እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅለን የምናይበት ምርመራ፣ ስናደርገው ግን ምንም አልበቀለም። ሁለቱ ፍሬዎች በሽታውን ለማጥፋት አልበቁም፤ ባክቴሪያው ለምርመራ እንዳይበቅል ለማድረግ ግን በቁ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት ማወቂያው መንገድ ተዘጋ። ሐኪሙም በግምት አዘዘላት።

እኔ ድሬዳዋ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። መድኃኒት የሚያዝላችሁ ያያችሁ ሐኪም ነው፤ እኔ አይደለሁም። ግን ከመጀመሪያው ማቃጠል ጀምሮ ምን በምን መከተል እንዳለበት በደንብ አውቃለሁ። በተራ በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዛችሁን ለዩ

እኛ ሰፈር ወገብ አካባቢ የሚያም ነገር ሁሉ «ኩላሊት» ነው። ሽንት ካቃጠለ ደግሞ «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ይባላል። ሙቀቱ እውነትም ድርሻ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ቃጠሎውን የሚያመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። በአብዛኛው ጥፋተኛው ኢ. ኮላይ የሚባለው ነው። መኖሪያው አንጀታችን ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲሆን አይጎዳንም። ጣጣው የሚመጣው ከፊንጢጣ አካባቢ ወደ ሽንት ቀዳዳ ሲሻገር ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንድ 20 ገደማ ይደርሳል። የሴቷ ቀዳዳ ለፊንጢጣም ቅርብ ነው። ሴቶችን ደጋግሞ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ንጽሕና ስለጎደላቸው አይደለም። ይህን ለባሎችም ለእናቶችም ሳልታክት እናገራለሁ።

በሽታው ፊኛ ላይ ብቻ ከሆነ ስትሸኑ ያቃጥላል። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሄዳችሁ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ከእምብርት በታች ይከብዳል። ሽንቱ ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። ከፍተኛ ትኩሳት አይኖርም። ይህ ዛሬ ወይም ነገ ጤና ጣቢያ ተሂዶ የሚታይ ነው።

ወደ ኩላሊት ከወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ትኩሳት አለ፤ ብርድ ብርድ ይላል፤ ያንቀጠቅጣል። ከጀርባ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ወይም በሁለቱም ጎን ያማል። ያስመልሳል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ሐረር ተማሪ ሳለሁ ሽንቴ ሲያቃጥለኝ ከጓደኛዬ የተረፈ ኪኒን ለሁለት ቀን ዋጥኩ። ቃጠሎው ቀለለኝና ተውኩት። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ጥርሴ እየተፋጨ ነቃሁ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውልኝ አልሞቅ አልኩ። ሐረር እንደ ድሬ ባይሞቅም ያን ያህል አይበርድም። ሲነጋ በሰው ክንድ ተደግፌ ሆስፒታል ገባሁ፤ መርፌው ለቀናት ቆየ። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሦስተኛው ዓይነት ከሽንት ቧንቧው ሳይሆን ከብልት የሚነሳው ነው። ከወንድ ብልት መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ወይም ሴቷ ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ፈሳሽ ታያለች፤ በግንኙነት ጊዜ ታማለች፤ ቁስል ይወጣል። ይህ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ሕክምናው ግን ከፊኛ ኢንፌክሽን ይለያል። ስለዚህ ለሐኪሙ «ያቃጥለኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ፈሳሽ ካለ ተናገሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ሰው ጎድቷል።

ምልክቱ ቀላል ቢመስልም በዚያው ቀን መታየት ያለባቸው ሰዎች አሉ። እርጉዝ ሴት። ወንድ በማንኛውም ዕድሜ። ሕፃን። የስኳር ሕመምተኛ። የሽንት ቱቦ የተደረገለት ሰው። ሽንት ጭራሽ እምቢ ያለው ደግሞ ወዲያውኑ። ሕፃናት «ያቃጥለኛል» አይሉም። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማልቀስ፣ ሽንት መቆጣጠር ጀምሮ የነበረ ልጅ እንደገና በላዩ ላይ መሽናት ሲጀምር ሽንቱ ይመርመር።

እስክትመረመሩ ድረስ

ውሃ ጠጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከእምብርት በታች ብታስቀምጡት ያስታግሳል። ቡናና ለስላሳ አንዳንዱን ሰው ያባብሱበታል፤ ለጊዜው ቀነስ አድርጉ። ተልባም፣ አብሽም፣ የገብስ ውሃም ጠጡ፤ ፈሳሽ ስለሆኑ ይጠቅማሉ። ባክቴሪያውን ይገድላሉ ብላችሁ ግን ቀን አትቁጠሩ።

አንቲባዮቲክ አትዋጡ። ከጎረቤት፣ ከወንድም፣ ካለፈው ዓመት ከተረፈ ሣጥን፣ ከየትም።

ሽንቱን በትክክል ስጡ

ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀላል ያየዋል። ከምመለከተው ሽንት ውስጥ ስንቱን «ተበክሏል፣ ይደገም» ብዬ እንደምመልስ ብታውቁ ይገርማችኋል።

ዕቃው ከላብራቶሪ የተሰጣችሁ ይሁን። አንድ አባት ሽንታቸውን በማር ጠርሙስ ይዘው መጡ። «አጥቤዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ስትሪፑን፣ ቀለም የሚለውጠውን ቀጭን መመርመሪያ፣ ስነክረው የስኳሩ ምልክት ወዲያው ቀለም ለወጠ። የሰውዬው ፊት ሲለወጥ አየሁ። እናታቸው በስኳር ነው የሞቱት። በንጹሕ ዕቃ ደግመው ሲሰጡኝ ስኳር የሚባል የለበትም። ከጠርሙሱ ክር ውስጥ የቀረች ማር ናት ያን ሁሉ ድንጋጤ ያመጣችው።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። እጃችሁን ታጠቡ። ረጅም ቀሚስ ወይም ሽርጥ ከሆነ መጀመሪያ ሰብስባችሁ እሰሩት፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋችኋል። ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡ ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጡት። የዕቃውን ውስጥ በጣት አትንኩ። ሴት ከሆናችሁ ከንፈሮቹን በሁለት ጣት ከፈት አድርጋችሁ ከፊት ወደ ኋላ በንጹሕ ውሃ ታጠቡ። ያልተገረዘ ወንድ ሸለፈቱን ወደ ኋላ ይሳብና ይታጠብ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ሽንት ቤቱ ልቀቁት። ሳታቋርጡ ዕቃውን ከሥሩ አስገቡና መካከለኛውን ተቀበሉ። ግማሽ ሲሞላ አውጡት። የቀረውን ወደ ሽንት ቤቱ ጨርሱት። የመጀመሪያው ሽንት በቆዳ ላይና በቱቦው አፍ ያለውን ጀርም ይዞ ስለሚወጣ ነው የምንጥለው። ለአባላዘር ምርመራ ከሆነ ግን ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሊፈልግ ይችላል፤ ጠይቁ። የወር አበባ ላይ ከሆናችሁም ተናገሩ።

ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይመረጣል። ምክንያት አለው። ስትሪፑ ላይ ናይትራይት የሚባል ምልክት አለ። ኢ. ኮላይና መሰሎቹ በሽንት ውስጥ ያለን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይቀይራሉ። ለዚህ ግን ሽንቱ ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። በየግማሽ ሰዓቱ የሚሸና ሰው በሽታው እያለበት ናይትራይቱ «የለም» ሊል ይችላል። ናይትራይት የማይሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። ስለዚህ በአንዲት መስመር ብቻ «ነፃ ነኝ» አትበሉ።

ከዚያ ቶሎ አድርሱት። ቤት ሸንታችሁ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ይህ በተለይ ለድሬ ሰው ነው። ኢ. ኮላይ ሙቀትና ምግብ ካገኘ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። አንድ የነበረው በሦስት ሰዓት 512 ይደርሳል። በግንቦት ሙቀት ባጃጅ ውስጥ ከገንደ ቆሬ እስከ ከዚራ ሰፈር ሲዞር የቆየ ሽንት ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያስመስለዋል። ወዲያው ማድረስ ካልቻላችሁ ዕቃውን በፌስታል ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከምግብ ለይታችሁ አቆዩት።

ተራው የሽንት ምርመራ በዚያው ቀን ይደርሳል። ካልቸር ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ፊኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ላመማትና ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት ካልቸር ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ለእርጉዝ፣ ለወንድ፣ ለሕፃን፣ ኩላሊት ላይ ለወጣበት፣ መድኃኒት ወስዶ ላልተሻለው፣ ለሚመላለስበት ግን ያስፈልጋል። ናሙናው የሚሰጠው ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት ነው።

ካልቸር ምን እንደሆነ አንዴ ላሳያችሁ። ሽንቱን በቀጭን ቀለበት ነክተን ጄሊ የመሰለ ምግብ ባለበት ፕሌት ላይ እናሰምራለን። በማግስቱ ኢ. ኮላይ ከሆነ ማኮንኪ በሚባለው ፕሌት ላይ ሮዝ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ከዚያ ያንኑ ባክቴሪያ በሌላ ፕሌት እንቀባውና በላዩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ አንድ አንቲባዮቲክ ይዟል። በሚቀጥለው ቀን የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያውን ጠርጎ ንጹሕ ክብ ይሠራል። የማይሠራው ወረቀት ጥግ ድረስ ባክቴሪያው ተጠግቶ ይበቅላል። አንዳንድ ቀን ከስምንት ወረቀት ስድስቱ በባክቴሪያ ተከበው አያለሁ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ሲታዘዝ

ለፊኛ ኢንፌክሽን በዓለም ላይ በቀዳሚነት ከሚመረጡት አንዱ ናይትሮፉራንቶይን ነው። ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። ከምግብ ጋር ውሰዱት። ሽንቱን ቡናማ ቢያደርገው አትደንግጡ። ኩላሊት ላይ ለወጣ ኢንፌክሽን አይሆንም፤ ኩላሊቱ በደከመ ሰውም አይመከርም። የመውለጃዋ ጊዜ ለደረሰ እርጉዝም አይሰጥም። ኮትሪሞክሳዞል፣ ሰው ባክትሪም የሚለው፣ ባክቴሪያው ካልተላመደው ለሴት በ3 ቀን ይበቃል። ሰልፋ የሚያስቆጣው ሰው አይነካውም። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራትም ይታለፋል።

አሞክሳሲሊንን ለብቻው ለሽንት አትመኑት። እዚህ አገር ከሽንት የሚወጣው ኢ. ኮላይ አብዛኛው ለምዶታል።

ሲፕሮና ኖርፍሎክሳሲን ሰው እንደ ከረሜላ የሚገዛቸው ሆነዋል። ጠንካራ መድኃኒቶች ናቸው። ጅማት ሊጎዱ፣ ነርቭ ሊነኩ ይችላሉ። ለእርጉዝ አይመረጡም። ከወተት፣ ከብረት ኪኒን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ከተዋጡ ወደ ደም በደንብ አይገቡም። ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ባይነኩ ይሻላል። በየቤቱ ሁለት ሁለት ፍሬ ስንውጣቸው ባክቴሪያው ለመዳቸው፤ አሁን ለእውነተኛው የኩላሊት በሽታ ስንፈልጋቸው እምቢ እያሉን ነው።

ኩላሊት ላይ ከወጣ ሕክምናው ከ7 እስከ 14 ቀን ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዱ በመርፌ ይጀመራል። ወንድም ከሴት ረዘም ላለ ጊዜ ይወስዳል።

ቃጠሎው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይቀላል። ሰው የሚያቆመውም ያኔ ነው። እኔም ያኔ ነው ያቆምኩት። የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ። ለአምስት ቀን ከታዘዘ አምስት ቀን ነው፤ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ የሚተርፍ መኖር የለበትም። ፋርማሲው ከታዘዘው በላይ ከሰጣችሁ የተረፈውን መልሱ እንጂ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡ። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላችሁ ወይም ትኩሳት ከጀመራችሁ ተመለሱ። ሌላ ኪኒን በላዩ አትጨምሩ።

ረመዳን ላይ ከታመማችሁ ለሐኪሙ መጾማችሁን ንገሩት። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት በአፍጥርና በሱሁር ሊመቻች ይችላል፤ በቀን አራቴ የሚወሰደው ግን አይሆንም። ዋናው ጭንቀቴ ውሃው ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል የለበትም። የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ እንዲከፍል ሃይማኖቱም ፈቅዶለታል። የፍልሰታና የሁዳዴ ጾመኞችም በባዶ ሆድ የማይወሰድ መድኃኒት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አታቆዩ።

ለእርጉዞች አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያ ያለ ምንም ስሜት ሽንት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ካልታከመ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ያለ ጊዜ ለመውለድም ሊያጋልጥ ይችላል። ክትትል ላይ «ሽንት ስጪ» ስትባሉ «አላመመኝም» ብላችሁ አትለፉት። ከእርጉዝ በስተቀር ለብዙው ሰው፣ ለምሳሌ የሽንት ቱቦ ላላቸው አዛውንት፣ ምልክት ሳይኖር የተገኘ ባክቴሪያ አይታከምም። በወረቀቱ ላይ «ባክቴሪያ» የሚል ስላያችሁ ብቻ አባታችሁን መድኃኒት አታስውጡ።

ፈሳሽ ካለ

ጨብጥ ጨረቃ ፊት ለፊት በመሽናት፣ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት ይይዛል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አይይዝም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው የሚተላለፈው። ክላሚዲያም እንዲሁ፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሴቷ ምንም ሳትሰማው ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቿ ይወጣና ጠባሳ ይተዋል። ልጅ አልመጣ ያላት ሴት ምክንያቷ ከዓመታት በፊት ያለፈ ክላሚዲያ ሊሆን ይችላል።

ጨብጥ ዛሬ በሴፍትሪአክሶን መርፌ ነው የሚታከመው። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ይሰጣል፤ ለእርጉዝ አዚትሮማይሲን ይተካል። ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ይታከማሉ። የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ አብሮ ካልታከመ የተደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ሰባት ቀን እስኪያልፍ ግንኙነት ይቅር። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም በዚያው አድርጉ፤ አንድ ጊዜ በተቀዳ ደም የሚያልቅ ነው።

የሴት ፈሳሽ ሁሉ ግን የአባላዘር አይደለም። ግራጫማ፣ ቀጭን፣ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ከሆነ የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ነው። ሜትሮኒዳዞል በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ይሰጥበታል። እርጎ የመሰለ ነጭና የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ያባብሰዋል። በዚህ የተነሳ ስንት ትዳር እንደተናጋ አውቃለሁ። ባል «ከየት አመጣሽው?» ይላል፤ እሷ መልስ የላትም። መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ጠቡ አያመልጥም።

እንዳይመለስ

ውሃ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ከሐረር ወደ ድሬ የወረደ ሰው እዚያ የለመደው ውሃ እዚህ አይበቃውም፤ በላብ ያልቃል። ሽንቱ ይወፍራል፤ ፊኛው በወቅቱ አይታጠብም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ደጋግሞ የሚይዛቸውና ውሃ አሳንሰው የሚጠጡ 140 ሴቶች ተካፍለውበታል። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመት ውስጥ እነሱን በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲይዛቸው ሌሎቹን 3.2 ጊዜ ያዛቸው። ያለ ኪኒን፣ በውሃ ብቻ። ስንት ሊትር ብላችሁ ከመጨነቅ ቀለሙን እዩ። ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ሻይ ከመሰለ ጠጡ። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ግን ልኩን ከሐኪም ይጠይቁ።

ሽንት አትያዙ። ይህን ማለት ቀላል ነው። ታይዋንና ቀፊራ በሚባሉት ገበያዎቻችን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው የሚሸጡ እናቶች ግን ጠዋት ውሃ አይጠጡም። ለምን ስላቸው «የት ሄጄ ልሽና?» ይሉኛል። ተማሪዎቹም እንዲሁ፤ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እያሰቡ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይይዛሉ። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሽንት ቤቱን ሄዳችሁ እዩት። በር አለው? ውሃ አለው? በወላጆች ስብሰባ ላይ አንሱት። ከማርክ እኩል መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው።

የጫቱን በርጫ ዝም ብዬ ባልፈው ያገሬን ሰው ማታለል ይሆናል። ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አይነሳም። ጫቱ ራሱ የፊኛን መውጫ ያጠብቃል፤ ሽንቱ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፤ ሙሉ በሙሉም ላይወጣ ይችላል። ፊኛ ውስጥ የሚተኛ ሽንት ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) ያበጠ ትልልቅ ሰዎች ሽንታቸው ጭራሽ ሊዘጋባቸው ይችላል። የሆድ ድርቀቱንም ነገር የቃመ ያውቀዋል፤ የሆድ ድርቀት ደግሞ ፊኛን ይጫናል። አቦ፣ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ተነሱ፤ ከለስላሳው ጎን ውሃ አስቀምጡ። ስትሸኑም አትቸኩሉ። ጨረስኩ ስትሉ ትንሽ ቆዩና እንደገና ሞክሩ።

አስተጣጠብ። ከፊት ወደ ኋላ፤ በውሃም በሶፍትም። በጆግ የምንታጠብ ሰዎች ውሃውን ከፊት አፍስሰን እጃችን ከኋላ ወደ ፊት እንዳይመጣ ማድረግ አለብን። ሴት ልጅን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስተምሯት። ወደ ብልት ውስጥ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ዴቶል፣ ሽቶ አታስገቡ። ጭስ መሞቅ የሚወዱ ወገኖቼም ብልት ውስጥ ያለውን ደጉን ባክቴሪያ እንዳያደርቁት እፈራለሁ። ውስጡ ራሱን ያጸዳል፤ ውጩን በውሃ ታጠቡ፣ በቃ። ውሃ የጠፋበት ሳምንት ቢሆንም ከጀሪካኑ ለዚህ የሚሆን አንድ ጆግ ለዩ። ሞዴስ ደም ባይሞላም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀይሩ። የጥጥ የውስጥ ልብስ ልበሱ፤ በላብ የራሰውን አውልቁ።

ከግንኙነት በኋላ ብዙ ሳትቆዩ ሽኑ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃም ጠጡ። ሽንት በግንኙነት ጊዜ የተገፋውን ጠርጎ ያወጣል። ሙሽሮችን የሚያስጨንቀው የመጀመሪያ ወር ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በአካባቢያችን በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር። በሕፃንነታቸው ተገርዘው የተሰፉ ሴቶች አሉ። ሽንታቸው በጠባብ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወርደው፤ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ። ሽንቱም የወር አበባውም ከስፌቱ ጀርባ ይቀራል። እነዚህን እህቶቼን አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድናቸውም። ስፌቱ በሠለጠነ ባለሙያ ሊከፈት ይችላል። ለሐኪም፣ ካፈራችሁ ለሴት ሐኪም ወይም ለአዋላጅ ነርስ፣ በግልጽ ንገሩ። ልጆቻችሁንም ከዚህ ጠብቁ።

ቢመላለስባችሁ

በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ወይም በዓመት ሦስት ጊዜ ከያዛችሁ «ተመላላሽ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ምን እየጠራው ነው የሚለው ነው። የደም ስኳር ይታይ። አልትራሳውንድ ይነሳ፤ ጠጠር ሊኖር ይችላል። ያረጡ ሴቶች በሐኪም የሚታዘዝ፣ ብልት ላይ የሚደረግ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ይጠቅማቸዋል። ሽንቱ መግል እያለበት ካልቸሩ ባዶ ከሆነና አንቲባዮቲክም ካልተወሰደ ክላሚዲያና የሽንት ቧንቧ ቲቢ ይታሰባሉ። ሽንቱ ያለ ቃጠሎ ደም ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ ሰው፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ትንሽ ደብተር ያዙ። መቼ እንደያዛችሁ፣ ምን እንደወሰዳችሁ፣ ስንት ቀን፣ ተሻላችሁ ወይስ አልተሻላችሁም ጻፉበት። የካልቸር ውጤት ወረቀት እጃችሁ ሲገባ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ይጠፋል፣ ካርዱም አንዳንዴ ይጠፋል። ያቺ የሳቢያን ልጅ ሕመሙ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሰባት። በዚህ ጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቴ ጋ ደረሰች። ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛለች። «ምንም አልዋጥኩም» አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት። በማግስቱ ፕሌቷን ስከፍተው ሮዝ ነጠብጣቦቹ ሞልተውታል። በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቹን ቆጠርኩ። በሲፕሮው ዙሪያ ክብ አልነበረም፤ በናይትሮፉራንቶይኑ ዙሪያ ሰፊ ክብ ነበረ።